ዘር ስንል የሚዘራውን ነው፤ ናኖ የነካው የአትክልት ዘርና ገበሬው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ደግሞ «ዘር» የምትለዋን ቃል ስንሰማ ልባችን ወዲያው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ማን በዘሩ ተሾመ፣ ማን በዘሩ ተገፋ፣ ማን በዘር ፖለቲካ አተረፈ እያልን በፓልቶክ ክፍሎች ስንከራከር ያነጋናቸውን ሌሊቶች እግዜር ይቁጠራቸው። ዛሬ የማነሳው ዘር ግን ያ አይደለም። በከረጢት ተቋጥሮ ወይም በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን፣ መሬት ገብቶ የሚበቅለውን ወይም ሳይበቅል የሚቀረውን የአትክልት ዘር ነው። ይሄኛው ዘር ፖለቲካ የለበትም የሚል አንባቢ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከገበሬው እንጀምር። በዝዋይና በመቂ ዙሪያ፣ በፎገራ ወይም በቆቦ ቀይ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘር ከ3 ኪሎ ተኩል እስከ 4 ኪሎ ነው። ሲያዩት እፍኝ የማይሞላ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የዓመቱ ጉሮሮ የተንጠለጠለው በዚያች ኪሎ ላይ ነው። ዘሩ መጀመሪያ መደብ ላይ ይፈሳል፣ ችግኝ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ማሳው ይዛወራል። መደቡ ላይ ካልበቀለ ግን የተከራየው መሬት፣ ለውሃ መሳቢያው የተገዛው ነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ፣ ከዘመድ የተበደረው ገንዘብ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ወደኛ ስልክ ይደወላል። ለምን እንደሚደወል ለዚህ አምድ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የሽንኩርት ዘር ደግሞ ከአትክልት ዘሮች ሁሉ እድሜው አጭር ከሚባሉት አንዱ ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከተቀመጠ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ነፍሱ ትወጣለች። የዘር ጠባቂዎች የታወቀ መመሪያ አላቸው። ዘሩ በውስጡ የያዘው እርጥበት በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ እንዲሁም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀነሰ ቁጥር የዘሩ እድሜ በእጥፍ ይጨምራል። የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው። በሞቃት ከተማ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረመ ዘር እድሜው በግማሽ፣ ከዚያም በግማሽ እያለ ያልቃል። ችግሩ የሽንኩርት ዘር ጥቁርና ደቃቅ ስለሆነ ሞቶም ሆነ በሕይወት እያለ መልኩ አንድ ነው። ገዢው የሚያምነው ሻጩን ብቻ ነው።

እንግዲህ የዓለም ሳይንቲስቶች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «ያረጀን ዘር የሚያነቃ፣ ሰነፍን ዘር የሚያተጋ» ብለው የያዙት አዲስ ዘዴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት እጅግ ደቃቅ በሆኑ የብር፣ የወርቅ፣ የዚንክ ወይም የካርቦን ቅንጣቶች በተበጠበጠ ውሃ ይነከራል፤ ከዚያ ደርቆ ይዘራል። ስሙ ናኖ ነው። ተስፋ አለው ወይ? አዎ፣ አለው። ዝም ብሎ የሚታመን ነው ወይ? አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ነው ዛሬ ለማየት የምሞክረው።

ከናኖ በፊት ብቅል ነበረ

ዘርን ነክሮ መዝራት አዲስ ነገር አይደለም። የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት የኪያር ዘር በውሃ ወይም በወተት ተነክሮ ቢዘራ ቶሎ እንደሚበቅል ጽፎ ነበር። የኛ እናቶችም ቢሆኑ ቴዎፍራስጦስን ሳያነቡ ነገሩን ያውቁታል። ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ ብቅል ታውቃለችና። ገብሱ ይነከራል፣ ውሃው ይጠነፈፋል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ ይጎነቁላል፣ በመጨረሻም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ገብሱ ውሃ ሲጠጣ በውስጡ ተኝቶ የነበረው ነገር ይነቃና የተከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ብቅል የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ሳይንቲስቶቹ የሚያደርጉት ነገር ብቅልን ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ነው ማለት ይቻላል። ዘሩ ውሃ ይጠጣል፣ በውስጡ ያለው ሥራ ይጀመራል፣ ሥሩ ከቅርፊቱ ብቅ ከማለቱ በፊት ግን ከውሃው ይወጣና ይደርቃል። ይህ ዘር በኋላ መሬት ሲገባ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ስለሚጠብቅ ፈጥኖና አብሮ ይበቅላል። እንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ሃይዴከር የሚባሉ ተመራማሪ በ1973 ይህንን በሥርዓት አሳይተው ካሳተሙ ወዲህ የበለጸጉት አገሮች የዘር ኩባንያዎች የሰላጣና የካሮት ዘርን ሳይቀር እንዲህ እያዘጋጁ በውድ ዋጋ ይሸጣሉ።

በ1990ዎቹ ደግሞ ከዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር ወደ ድሃ ገበሬ ማሳ ወሰዱት። በሕንድና በዚምባብዌ ገበሬዎቹ በቆሎና ሩዝን ሌሊቱን፣ ሽምብራን ደግሞ ለ8 ሰዓት ያህል በተራ ውሃ ነክረው፣ ላዩን አድርቀው፣ በዚያው ቀን እንዲዘሩ አደረጉ። መሣሪያው ባልዲ ብቻ ነበር። በብዙ ማሳዎች ላይ ሰብሉ ቀድሞ በቀለ፣ ቀድሞ አበበ፣ ቀድሞ ደረሰ። ዋጋው ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። አንባቢ ይህችን ባልዲ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ናኖ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። ናኖ የሚባሉት ቅንጣቶች መጠናቸው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ያለው ነው። ማነስ ብቻውን ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። መልሱ በስፋት ላይ ነው። ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ አንድ የስኳር እንክብል የሚያህል ነገር የላይ ገጹ በሙሉ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያንኑ እንክብል ጎናቸው አንድ ናኖሜትር ወደሆኑ ቁርጥራጮች ብንከትፈው ግን የሁሉም ገጽ ሲደመር 6 ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከግማሽ ሄክታር በላይ ማለት ነው። ነገሮች እርስ በእርስ የሚነካኩትና የሚሠሩት በገጻቸው ስለሆነ ያው ብር፣ ያው ዚንክ በዚህ መጠን ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። (ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ የኪሳችንን ብር ማነስ እንኳ ሁላችንም እናውቀዋለን።)

ከቀደሙት ሙከራዎች አንዱ በ2005 የታተመው የቻይና ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ያረጀ የስፒናች ዘር ወስደው በናኖ መጠን ባለ የታይታኒየም ኦክሳይድ አከሙት። ከዚያ የወጣው ተክል ደረቅ ክብደቱ ካልታከመው በ73 በመቶ በልጦ ተገኘ። በ2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሊትል ሮክ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የቲማቲም ዘርን የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ባሉበት ምግብ ላይ አበቀሉ። በ12ኛው ቀን ካልታከመው ዘር የበቀለው 32 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ቱቦ ከነካው ግን ከ74 እስከ 82 በመቶ በቀለ። ቱቦዎቹ ጠንካራውን የዘር ቅርፊት ዘልቀው እንደሚገቡና ዘሩ የሚጠጣው ውሃ እንደሚጨምር አሳዩ። ይህ ወሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ቤተ ሙከራዎችን አነቃ።

ለእኛ ቀረብ የሚለው ግን የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ቀረብ ይላል የምለው በዳላስና በሂውስተን ብዙ ወገን ስላለን ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ የሠሩበት ነገር ከእናቶቻችን ጓዳ የወጣ ስለሚመስል ነው። የሽንኩርት ጭማቂ ወስደው በውስጡ የሚሟሟ የብርና የወርቅ ጨው ጨመሩበት። በሽንኩርቱ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ጨውን ወደ ደቃቅ የብርና የወርቅ ቅንጣት ይለውጡታል። ከእርድ ዘይትም እንዲሁ ደቃቅ ጠብታዎች አዘጋጁ። ከዚያ መልሰው በዚህ የሽንኩርትን ዘር ነከሩ። በ2019 ባሳተሙት ጽሑፍ በወርቅ ቅንጣት የተነከረው ዘር ማሳ ላይ ከ60 በመቶ በላይ ሲበቅል ያልተነከረው ከ40 በመቶ በታች ቀረ። ምርቱም ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ።

በ2020 ደግሞ የሐብሐቡን ውጤት አወጡ። ፍሬ አልባው ሐብሐብ፣ ማለትም እኛ እዚህ ከሱፐርማርኬት ገዝተን ፍሬውን ሳንተፋ የምንበላው ዓይነት፣ ዘሩ ውድ ነው፤ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ፅንሱ ትንሽ ስለሆነም አበቃቀሉ ደካማ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንንና ፍሬ ያለውን ዓይነት ዘር በናኖ ብር ነክረው ካፈሉ በኋላ ችግኞቹን በ2017 በቴክሳስ አራት ቦታዎች፣ በኤዲንበርግ፣ በፔኮስ፣ በግሬፕላንድና በስኑክ ተከሏቸው። ናኖው በትክክል ዘሩ ውስጥ መግባቱን በኒውትሮን ምርመራና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አረጋገጡ። በ96 ሰዓት ውስጥ በታከመው ዘር ያለው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ጨምሮ አገኙት። የብቅሉ ጣፋጭነት ማለት ይኸው ነው። ስኑክ ላይ ምርቱ ከመነጻጸሪያው ጋር ሲተያይ በአንዱ ዓይነት በ31.6 በመቶ፣ በሌላው በ35.6 በመቶ በለጠ። በዓመቱ በ2018 በዌስላኮ ደግመው ሲሞክሩት አበቃቀሉ አሁንም ተሻሽሎ ታየ። የፍሬው የማዕድን ይዘት ግን ካልታከመው ጋር ልዩነት አልነበረውም።

ቁጥር ሲነበብ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በፖለቲካ ዜና የተካንን ሰዎች ነን። የምርጫ ውጤት ሲነገረን «የየትኛው ጣቢያ ነው? ማን ቆጠረው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች የዘር ቁጥር ሲነገረን ለምን ዝም እንላለን?

ከላይ የጠቀስኩትን 31.6 በመቶ መልሳችሁ እዩት። ሐብሐቡ የተተከለው አራት ቦታ ነው። ቁጥሩ ግን የስኑክ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህንን አልደበቁም፤ በግልጽ ጽፈውታል። የሚደብቀው በኋላ የሚመጣው ነጋዴ ነው። ነገ አንድ ሰው የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ «ምርት በ35 በመቶ ይጨምራል» ብሎ አትሞ ገበያ ሲወጣ፣ የትኛው መሬት ላይ፣ በየትኛው ዝናብ፣ በየትኛው ዘር የሚለው ሁሉ ተቆርጦ ይቀራል። አፈር ከአፈር ይለያያል። የስኑክ አፈር የመቂ አፈር አይደለም፤ የመቂም የፎገራ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የባልዲዋ ነው። የታከመ ዘር የተወዳደረው ከምን ጋር ነው? ከደረቅ ዘር ጋር ከሆነ ውድድሩ ሚዛናዊ አይደለም፤ ምክንያቱም ግማሹን ሥራ የሠራው ውሃው ሊሆን ይችላል። ናኖው ብቻውን የጨመረውን ማወቅ የሚቻለው ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው፦ ደረቁ፣ በተራ ውሃ የተነከረውና በናኖ የተነከረው። ገበሬው ለናኖው የሚከፍለው ከባልዲው በላይ ላስገኘው ብቻ መሆን አለበት። ከዚህ በላይ የተጠየቀው ገንዘብ ለውሃ የተከፈለ ገንዘብ ነው።

ለዚህ ጥንቃቄ ምሳሌ ካስፈለገ ሩቅ መሄድ የለብንም። ሕንድ በ2021 ናኖ ዩሪያ የተባለውን ፈሳሽ ማዳበሪያ በታላቅ ፉከራ አስተዋወቀች። አንዲት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ የአንድ ከረጢት ዩሪያን ሥራ ትሠራለች ተባለ። በ2023 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች ሒሳቡን አስልተው ይህ ተስፋ በሳይንስ ያልተደገፈ ነው ብለው ጻፉ። ያ በቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ ነው፤ የዘር ጉዳይ አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ፖለቲከኛው ከሳይንሱ ቀድሞ ሲሮጥ የሚወድቀው ገበሬው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው።

መድኃኒትም ሲበዛ መርዝ ነው

ናኖ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለትም አይደለም። በ2007 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ አምኸርስት፣ ሁለት ተመራማሪዎች አምስት ዓይነት ናኖ ቅንጣቶችን በስድስት ተክሎች ዘር ላይ ሞከሩ፤ ከነዚህም ሰላጣ፣ ኪያርና ራዲሽ የሚባለው ቀይ ሥራ ሥር ይገኙበታል። አብዛኞቹ ያን ያህል ጉዳት አላደረሱም። ናኖ ዚንክና ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ ግን በአንድ ሊትር ውሃ 2 ሺህ ሚሊ ግራም ሲሆኑ የሥሩን እድገት ጭራሹን አቆሙት። በ50 ሚሊ ግራም ገደማ እንኳ የራዲሹን ሥር እድገት በግማሽ ቀነሱት። ዚንክ ለተክል ምግብ ነው፤ መጠኑን ሲያልፍ ግን ሥር ይቀጫል። በአርካንሶ የቲማቲም ዘርን የጠቀመው የካርቦን ቱቦ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 40 ማይክሮ ግራም ብቻ ነበረ። ይህንን በእፍኝና በማንኪያ መለካት አይቻልም። «ትንሽ ከጠቀመ ብዙ የበለጠ ይጠቅማል» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ማሳ ያጠፋል።

ለናኖ ዘዴ ሚዛናዊ ለመሆን ግን ይህም መነገር አለበት። ዘርን መንከር ማሳ ላይ ከመርጨት እጅግ ያነሰ ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ማሳውን በሙሉ ከመርጨት አራት ኪሎ ዘር ብቻ መንከር ለአፈሩም፣ ለውሃውም፣ ለረጪው ሳንባም ይሻላል። የተመራማሪዎቹ ዋነኛ ክርክርም ይህ ነው፤ ጥሩ ክርክር ነው። የሚቀረው ብር ከዘሩ ወጥቶ አፈር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምን ያደርጋቸዋል የሚለው ነው። ብር ባክቴሪያ ገዳይ ነው፤ ተፈላጊነቱም አንዱ ለዚህ ነው። የአፈር ሕይወት ደግሞ አንድ ወቅት ተሞክሮ የሚደመደም ነገር አይደለም።

ጽሑፉን ማንም ያላነበበው ዘር

አሁን ወደ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ልመልሳችሁ። ናኖ ከመታወቁ በፊት የሆነ ነው፤ ነገር ግን በመድኃኒት ስለታሸ ዘር የሚናገር ሰው ይህንን ካላወቀ ምንም አላወቀም።

ኢራቅ በ1969 እና በ1971 መካከል በድርቅ ተመታች። መንግሥት ከውጭ ከ70 ሺህ ቶን በላይ የስንዴ ዘር አስመጣ። ዘሩ ሻጋታ እንዳይበላው ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት ታሽቶ፣ እንዲታወቅም ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በከረጢቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ታትሟል። ግን የታተመው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕሉም ለኢራቅ ገጠር ሰው ምንም አይናገርም። ዘሩ በ1971 መጨረሻ ገጠር ሲደርስ ብዙ ቦታ የዘር ወቅት አልፏል፤ ሕዝቡም ተርቧል። ገበሬዎቹ ቀዩን ቀለም አጠቡት፣ መድኃኒቱም አብሮ የታጠበ መሰላቸው፣ ፈጭተው ዳቦ ጋገሩት። የሜርኩሪ መርዝ ደግሞ ወዲያው አይናገርም፤ ምልክቱ የሚወጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። በመንግሥት የታመነው ቁጥር ብቻ 6,530 ሰው ሆስፒታል ገብቶ 459 ሰው መሞቱን ይናገራል። የባግዳድ መንግሥት ዜናውን አፍኖ ይዞት ስለነበር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በላይ እንደሚሆን ብዙዎች ያምናሉ።

ናኖ ብር ሜርኩሪ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ ላስፈራራ አልፈልግም። ከኢራቅ የምንማረው ስለ ኬሚካሉ አይደለም። ገዳዩ ነገር የነበረው ሦስት ነገር አንድ ላይ መግጠሙ ነው፦ ገበሬው የማያነበው ቋንቋ፣ ተጠያቂ የሌለው አከፋፋይ፣ ወሬ የሚያፍን መንግሥት። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲኖሩ ምን እንደሚመጣ ለኢትዮጵያዊ ስደተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሕጉ የት ነው?

በሠለጠነው ዓለም ይህ ጉዳይ እንዴት ተያዘ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2015 ለአንድ የናኖ ብር ምርት በቅድመ ሁኔታ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ምርቱ ለፕላስቲክና ለጨርቃ ጨርቅ የሚውል ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅቶች ከሰሱ። በ2017 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤቱ ፈቃዱ ለሕዝብ ይጠቅማል ያለውን አላስረዳም ብሎ ፈቃዱን ሻረው። አውሮፓም ከላይ ስፒናቹን ያሳደገውን ታይታኒየም ኦክሳይድ ለምግብ ማንጫ ይውል የነበረውን በ2022 ከምግብ አስወጣው። ዘር ላይ መንካትና ምግብ ውስጥ መጨመር አንድ አይደሉም። ነጥቡ ግን ዜጋ የሚከስበት፣ ዳኛ የሚሽርበት፣ መረጃ ሲለወጥ ውሳኔ የሚለወጥበት በር መኖሩ ነው።

በእኛ አገር በዚህ በኩል የሚኮራበት ታሪክ አለን። በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በካርታኼና ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካ አገሮችን ድምፅ መርተው፣ ኃያላኑ በዘረመል የተለወጠ ዘር ያለ ጥያቄ እንዳይልኩብን የተሟገቱ ሰው ነበሩ። በፖለቲካቸው የሚከራከራቸው ይኖራል፤ በዚህ ሥራቸው ግን በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። ኢትዮጵያም በ2009 ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አወጣች። በ2015 አዋጁ ላላ፤ በ2018 በዘረመል የተለወጠ ጥጥ ተፈቀደ።

አሁን ልብ በሉ። ናኖ የነካው ዘር ዘረመሉ አልተለወጠም። ስለዚህ ስለ ልውጥ ሕያዋን የሚናገረው አዋጅ በቀጥታ አይነካውም። በ2010 የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅስ? ሻጩ «ሻጋታ ይገድላል» ካለ ይያዛል፤ «አበቃቀል ያፋጥናል» ብቻ ካለ ግን ፀረ-ተባይ አይደለም ብሎ ሊከራከር ይችላል። አንድ ዕቃ በሁለት ሕጎች መካከል ባለው ክፍተት ሾልኮ ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ክፍተቱን መድፈን ያለብን ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከመጣ በኋላ ያለው ሥራ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሥራ ነው።

ሦስቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ነገሬን ልጠቅልል። ለዘመዶቻችን፣ አገር ቤት በመስኖ ሥራ ለተሠማሩ ጓደኞቻችን፣ ከእኛም መካከል ገንዘብ አዋጥቶ የአትክልት እርሻ ለከፈተው ሁሉ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በስልክ እንንገራቸው።

አንደኛ፦ ከተራ ውሃ በላይ ምን ጨመረ? ሻጩ በተራ ውሃ ከተነከረ ዘር ጋር ያወዳደረበት፣ በኢትዮጵያ አፈር፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የተገኘ ውጤት ያሳይ።

ሁለተኛ፦ ምን ያህል ነው፣ ምን ነው? የቅንጣቱ ዓይነትና መጠን በገበሬው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌላውም፣ በከረጢቱ ላይ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችልም የሚገባው ሥዕል ይኑር።

ሦስተኛ፦ ካልበቀለ ማን ይጠየቃል? ስምና አድራሻ የሌለው ዘር፣ የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበት ዘር፣ ናኖም ቢነካው ወርቅም ቢቀባው አይገዛ።

ከዚህ በተጨማሪ ማንም ሰው ቤቱ የሚሠራው ፈተና አለ። ከገዛኸው ዘር መቶ መቶ ፍሬ ሦስት ጊዜ ቁጠር። አንዱን ደረቁን እንዳለ፣ ሁለተኛውን ሌሊቱን በንጹሕ ውሃ አሳድረህ፣ ሦስተኛውን ሻጩ ባለው መድኃኒት ነክረህ፣ በሦስት እርጥብ ጨርቆች ላይ ለየብቻ አስቀምጣቸው። ጨርቁ እንዳይደርቅ፣ ውሃም እንዳይተኛበት ጠብቅ። ሽንኩርት ከሆነ በ6ኛውና በ12ኛው ቀን፣ ቲማቲም ከሆነ በ5ኛውና በ14ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠር። የሁለተኛውና የሦስተኛው ጨርቅ ቁጥር ተቀራራቢ ከሆነ ገንዘብህን ኪስህ አስቀምጠህ ባልዲህን አንሳ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለ፦ ከፋብሪካው ቀለም ተቀብቶና በፀረ-ሻጋታ ታሽቶ የመጣ ዘር ከሆነ ውሃ ውስጥ አይነከር፤ መድኃኒቱ ይታጠባል፣ ውሃውም ይመረዛል። ለዚህ ፈተና የሚሆነው ያልታሸ ዘር ነው።

ለእኛም የቤት ሥራ አለን። በዲያስፖራው ውስጥ ኬሚስቱም፣ የአፈር ባለሙያውም፣ ጠበቃውም ሞልቷል። በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሽንኩርትና የቲማቲም ዝርያዎችን ያወጡ ባለሙያዎች ሥራ የሚታወቅ ነው። ኢትዮጵያ በ1976 ያቋቋመችው የዘረመል ባንክም የአያቶቻችንን ዘር ሰብስቦ ያቆየ ትልቅ ቤት ነው። ናኖው ይሞከር፤ እኔ አልቃወምም። ሲሞከር ግን በእነዚህ ቤቶች፣ በእኛው ዘር፣ ውጤቱ መልካምም ሆነ መጥፎ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ይሞከር። ከዚህ ያለ ባለሙያ ያገሩን ባልደረባ በአንድ የምርምር ጽሑፍ፣ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ምክር ቢያግዝ ከአሥር ሰላማዊ ሰልፍ የማይተናነስ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ይሄኛው ዘር ፖለቲካ የለበትም የሚል ካለ ይታገሰኝ ብዬ ነበር። የታገሳችሁኝን አመሰግናለሁ። የሚበላውን የሚያበቅል ሰው ዘሩ ላይ ምን እንደተነካበት የማወቅ መብት ከሌለው፣ ስለሌላው መብት የምናወራው ሁሉ መደብ ላይ ፈሶ ያልበቀለ ዘር ነው።

ቸር ይግጠመን።